የጀልባ ተጎታች ጎማ የሚበላሸው ውኃው ዳር ነው

ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና «አባዬ፣ የጀልባው ጎማ ዘመም ብሏል» ስትለኝ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ ነበር። በጎን መስታወቱ ስመለከት የተጎታቹ ግራ ጎማ ከላይ ወደ ጀልባው ተጠግቶ፣ ከታች ወደ ውጭ ወጥቶ ይንገዳገዳል፤ ከመካከሉም ስስ ጭስ ይወጣል። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቼ፣ ፍሬን በኃይል ሳልረግጥና መሪውን ሳልጠመዝዝ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቄ ዳር ያዝኩ። ወርጄ ስጠጋ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አፈነኝ። ጎማው ራሱ ምንም አልሆነም፤ ንፋሱ ሙሉ ነው፣ ጥርሱም ገና አዲስ ነው። ያለቀው ጎማው በሚታሰርበት ብረት፣ በሞዞው፣ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ሮለር ክፍል ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንጨምር ኖሮ ሞዞው ከነጎማው ከአክስሉ ጫፍ ወልቆ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ከፊታችን የሚመጡ መኪኖችና በመንገዱ ዳር የሚሄዱ እግረኞች ስለነበሩ ነገሩን ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለተጎታቼ ጎማ የምጠነቀቅ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ንፋስ እለካለሁ፣ ዳዶዎቹን አጠብቃለሁ፣ የጎማውን ጥርስ እመለከታለሁ። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሞዞውን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት 11 ዓመታት ሁለቱንም ሞዞዎች በየዓመቱ በገዛ እጄ እየፈታሁ ስገጥም የተረዳሁት ዋናው ነገር፣ የጀልባ ተጎታች ጎማ ጉዳት የሚጀምረው መንገድ ላይ ሳይሆን ውኃው ዳር፣ ጀልባው በሚወርድባቸው አንድና ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ መሆኑን ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን ከወራትና ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ምክንያቱን በመንገዱ፣ በጭነቱ ወይም በጎማው ላይ ይፈልገዋል።

ሞዞ የምለው ጎማው በቡሎን የሚታሰርበትንና በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ብረት ነው። ውስጡ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ ትልቁ ከውስጥ በኩል፣ ሌላው ትንሹ ከውጭ በኩል ይቀመጣል። ሁለቱም በግራሶ ተሞልተዋል። ከኋላ፣ ማለትም ከአክስሉ በኩል፣ ግራሶው እንዳይወጣና ውኃ እንዳይገባ የሚከለክል ቀለበት መሰል ጎሚኒ አለ፤ ከፊት ደግሞ ክዳን ይዘጋዋል። ተጎታቹ አንድ ሁለት ሰዓት ከተጎተተ በኋላ ሞዞው ይሞቃል፤ ውስጡ የቀረው አየርም አብሮት ይሞቃል። ያን የሞቀ ሞዞ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያስገቡት የውስጡ አየር በድንገት ይኮማተራል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 20 ዲግሪ የወረደ አየር ከይዘቱ 12 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ያን ክፍተት ለመሙላት ሞዞው ከውጭ ያገኘውን ይስባል፤ በዚያ ሰዓት ዙሪያውን ያለው ደግሞ ውኃ ብቻ ነው። ጎሚኒው ትንሽ ያረጀ ከሆነ ጥቂት ጠብታዎች ያልፋሉ። ጥቂት ጠብታ ምንም አይደለም እንዳይባል፣ ይኸው ነገር በየጉዞው ይደጋገማል፤ የገባው ውኃም የሚወጣበት መንገድ የለውም። ተጎታቹ ለወራት ሲቆም ውኃው ከግራሶው ጋር ተዋሕዶ በኩሽኔታው ሮለሮችና ሮለሮቹ በሚሽከረከሩበት የብረት ቀለበት መካከል ይቀመጥና ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱ የፈጠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች በቀጣዩ ጉዞ ሮለሮቹን ይፈጩአቸዋል፤ ፍጭቱ ሙቀት ያመጣል፤ ሙቀቱ ግራሶውን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ከብረት ጋር ይቀራል።

የጨው ውኃ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ በጣም ይፈጥናል። በተጨማሪም የጀልባ ተጎታች ጎማ በአብዛኛው ትንሽ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የእኔ የመጀመሪያ ተጎታች ጎማ ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህ ማለት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 600 ጊዜ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ደግሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የሚጎትተው መኪና ጎማ በዚያው ፍጥነት ከዚህ በጣም ያነሰ ይዞራል። ስለዚህ «መኪናዬ ምንም ሳይሆን ተጎታቹ ለምን?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛ ንጽጽር አይደለም፤ ተጎታቹ በአነስተኛ ኩሽኔታ የበለጠ እየሠራ፣ በዚያ ላይ ውኃ ውስጥ የሚነከር ነው።

ያን ቀን ተጎታቹን በጭነት መኪና አስነሥተን ያስረከብናቸው አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ነበሩ። የግራውን ሞዞ በብዙ ድካም ካላቀቁ በኋላ ወደ ቀኙ ሄዱ። እኔም «ጋሼ፣ እሱ ደኅና ነው፤ ጭስም አላየሁበትም» አልኳቸው። «አንተ ጭሱን ነው የምታየው፤ እኔ የማየው ግራሶውን ነው፤ ና ጠጋ በል» ብለው ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ጠረግ አደረጉና አሳዩኝ። ግራሶው ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሏል። «ይሄ ውኃ ጠጥቷል። ከአንድ ወይም ከሁለት ጉዞ በኋላ ይኼኛውም እንደዚያኛው ይሆን ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ነው ውኃ የገቡት» አሉኝ። ከዚህ ንግግራቸው በኋላ የአንዱን ጎን ሞዞ ፈትቼ ሌላውን የተውኩበት ጊዜ የለም።

ግራሶው የሚናገረውን ማንበብ መማር ከሁሉም የሚቀድም ይመስለኛል። ደኅና ግራሶ ሲገዙት የነበረውን ቀለም በመጠኑ ጠቆር ብሎ ይይዛል፤ በጣት ሲያሹትም ልስልስ ነው። ነጣ ወይም ግራጫማ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት ብረቱ እየተፈጨ ነው። ጠቁሮ፣ ደርቆና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ በጣም ሞቋል። ኩሽኔታው ከታጠበ በኋላ ደግሞ ሮለሮቹ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም ከያዙ ብረቱ ከልክ ባለፈ ሙቀት ጥንካሬውን እያጣ ስለሆነ፣ ሲዞር ቢለሰልስም እንኳ መጣል አለበት። በቀለበቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለም እንዲሁ ነው። ኩሽኔታውንና ሞዞው ውስጥ ያለውን ቀለበቱን ሁልጊዜ አብሬ እቀይራለሁ፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም አዲሱን በቶሎ ማሳረጅ ነው።

ሞዞውን ከመፍታት በፊት ስለ ማንሣቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ተጎታቹ ከመኪናው ጋር እንደታሰረ፣ በደልዳላ መሬት ላይ፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ መሆን አለበት። የማይነሣው ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግለታል። ክሪኩን ባሌስትራው ከአክስሉ ጋር በሚታሰርበት ቦታ አጠገብ አስገባለሁ፤ የአክስሉ መካከል ላይ ማንሣት አክስሉን ሊያጎብጠው ይችላል፤ ባሌስትራ የሌላቸው፣ ውስጣቸው ላስቲክ የተሞላ አክስሎች ደግሞ በአክስሉ ቧንቧ ላይ ክሪክ እንዳይደረግባቸው አምራቾቹ ስለሚከለክሉ የሻሲውን ብረት መጠቀም ይገባል። ከተነሣ በኋላ የብረት መደገፊያ ሳይቀመጥ እጅን ከሥሩ ማስገባት አይገባም። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ይዞ ለማቆየት የተሠራ አይደለም፤ ጀልባ የተጫነበት ተጎታች ደግሞ ክብደቱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ለመንሸራተት የቀረበ ነው።

ጎማው ከመሬት ሲለቅ ከመፍታት በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ። በመጀመሪያ በእጄ አዙሬ አዳምጣለሁ፤ አሸዋ የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ወይም በእጅ የሚሰማ መንቀርቀር ካለ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ቀጥዬ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እወዘውዘዋለሁ። ጥቂት ልል መሆን ጤናማ ነው፤ የሚንኳኳ ከሆነ ግን ወይ ሞዞውን በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚይዘው ዳዶ ላልቷል ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ፍተሻ ለአንድ ጎማ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ከሚደረገው መፍታት በተጨማሪ በየሁለት ወሩ አደርገዋለሁ።

አፈታቱ ከባድ አይደለም። ክዳኑ በጥንቃቄ ዙሪያውን እየተመታ ይወጣል፤ ዳዶውን የቆለፈው ስንጥቅ ሽቦ በፒንሳ ተቃንቶ ይሳባል፤ ዳዶውና ሮንዴላው ሲወጡ የውጪው ኩሽኔታ በእጅ ይመጣል፤ ከዚያ ሞዞው ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። የውስጠኛው ኩሽኔታ ከጎሚኒው ጀርባ ይቀራል፤ ጎሚኒው ሲወጣ ስለሚበላሽ አዲስ ሳይገዙ ሥራውን መጀመር አይገባም። ሁሉንም በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ እስኪደርቁ እጠብቃለሁ። ኩሽኔታን በአየር መንፊያ እያሽከረከሩ ማድረቅ የሚወዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያለ ግራሶ በዚያ ፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ ሮለሮቹን እንደ ጥይት ሊረጭ ስለሚችል ማንም ይህን እንዳያደርግ እለምናለሁ። የአክስሉንም ጫፍ እንዲሁ ጠርጎ ማየት ይገባል፤ በተለይ ጎሚኒው የሚያርፍበት ቦታ ዝገት ከበላው ወይም ክብ ቦይ ካበጀ፣ አዲሱ ጎሚኒም ውኃ ከማስገባት አያድንም። ትንሽ ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ ቦይ ከሆነ ግን የማይዝግ ስስ የብረት እጅጌ ይለብስበታል ወይም አክስሉ ይቀየራል።

ኩሽኔታ ሲገዛ በዓይን መለካት አያስተማምንም። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ በመጠባበቂያነት የገዛሁት የውጪ ኩሽኔታ ሞዞው ውስጥ ካለው ቀለበት ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ፤ በአክስሉ ጫፍ ላይ ግን አልገባም አለ። ምክንያቱን ያወቅሁት በጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳነብ ነው፦ የሚያስፈልገኝ ኤል 44649 ሲሆን የገዛሁት ኤል 44643 ነበር። ሁለቱም በውጭ የሚገቡበት ቀለበት አንድ ዓይነት ነው፤ የመካከል ቀዳዳቸው ግን የአንደኛው 27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የሌላው 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስህተት መንገድ ዳር፣ በሌሊት፣ በዝናብ ቢገጥመኝ ኖሮ መጠባበቂያው ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከአሮጌው ኩሽኔታ ላይ ገልብጦ በወረቀት መያዝ፣ ከተቻለም የተገዛውን አንድ ጊዜ ገጥሞ ማየት ይገባል።

ግራሶው ውኃ የሚቋቋም፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራና ውፍረቱ በተለመደው ምደባ 2 ቁጥር የሆነ ቢሆን መልካም ነው። ዓይነቱን ያለ ምክንያት አለመለዋወጥን እመክራለሁ፤ መሠረታቸው የተለያየ ግራሶዎች፣ ለምሳሌ የሊቲየምና የፖሊዩሪያ ግራሶዎች፣ ሲደባለቁ ሊቀጥኑና ሊፈሱ ይችላሉ። ለመለወጥ የተገደደ ሰው አሮጌውን ፈጽሞ አጥቦ ያውጣ። ግራሶውን ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም። በመዳፌ ላይ ጉብታ ግራሶ አስቀምጬ፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ በግራሶው ላይ እየጫንኩ፣ በሌላኛው በኩል በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ ዙሪያውን አዳርሰዋለሁ። ይህ እጅን ያቆሽሻል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ሆኖም ግራሶ ያልደረሰው ሮለር ቦታውን ለውኃ እንደተወ ስለሚቆጠር ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምታገሥበት ይህ ነው።

ዳዶውን ማጥበቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቼ ነበር። «ጎማ እንዳይወልቅ» በሚል ስሜት እስከ መጨረሻው ጠብቆ የተተወ ዳዶ ኩሽኔታውን አጣብቆ ያሞቀዋል፤ በጣም የላላውም ጎማውን እያንገዳገደ ጎሚኒውን ያበላሻል። በእኔ አክስል መመሪያ መሠረት ሞዞው በእጅ እየተዞረ ዳዶው ወደ 68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ይህም ኩሽኔታዎቹ በቦታቸው እንዲያርፉ ነው። ከዚያ ሞዞው ሳይዞር ዳዶው ሙሉ በሙሉ ይላላና በጣት ብቻ እስኪነካ ይመለሳል። የሽቦው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ የሚላላው ነው እንጂ የሚጠብቀው አይደለም። በመጨረሻ አዲስ ስንጥቅ ሽቦ ይገባና ጫፎቹ ይታጠፋሉ። የታጠፈ አሮጌ ሽቦን አቃንቶ ደግሞ መጠቀም፣ ያን ሁሉ ሥራ በአንድ ሊሰበር በደረሰ ነገር ላይ ማንጠልጠል ነው።

በክዳኑ ፈንታ የሚገጠሙ፣ ውስጣቸው ስፕሪንግ ያለባቸውና ግራሶውን በመጠነኛ ግፊት የሚይዙ መሣሪያዎች አሉ፤ በሰፊው የሚታወቀው ቤሪንግ በዲ የተባለው ነው። ግፊቱ 0.2 ባር ያህል ነው፤ ሞዞው የሚነከርበት ጥልቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን የውኃው ግፊት 0.05 ባር ብቻ ስለሆነ ውኃው ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ግራሶው ወደ ውጭ ሊወጣ ይፈልጋል። ጥሩ ፈጠራ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በግራሶ ፓምፕ ከልክ በላይ የሞላ ሰው የኋላውን ጎሚኒ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ከዚያ ግራሶው በቸርኬው ውስጥ ይረጫል፣ ፍሬን ካለም ሸራውን ይቀባዋል። የክዳኑ ስፕሪንግ መንቀሳቀስ ሲጀምር ማቆም በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ከፊት የሚገፋ ግራሶ የኋላውን ኩሽኔታ ሁኔታ አያሳይም። ፊት ለፊት ንጹሕ ግራሶ እያየ ኋላው የዛገ ሞዞ አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን መሣሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ከመፍታት ነፃ የሚያወጣ አድርጌ አላየውም።

የውኃው ዳር ልማዴ ከሁሉም በላይ የተለወጠው ነው። ድሮ እንደደረስኩ ጀልባውን ወደ ተዳፋቱ አወርድ ነበር። አሁን ከተዳፋቱ ራቅ ብዬ እቆምና በመጀመሪያ ሞዞዎቹን በእጄ ጀርባ እነካለሁ። ከዚያ የጀልባውን ማሰሪያዎች ለመፍታት፣ የውኃ መውጫውን ቡሽ ለመዝጋት፣ የተጎታቹን መብራት መሰኪያ ለመንቀል፣ ለሁሉም የሕይወት ጃኬት ለማልበስ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ይህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሞዞው እጅ የሚያሳርፍ ለብ ያለ እስኪሆን ካልደረሰ ደግሞ እጠብቃለሁ። ሌሎች ሰዎች ተራ እየጠበቁ ከሆነ አሳልፋቸዋለሁ። ተዳፋቱ የሚፈቅድ ከሆነም ሞዞው ውኃ ሳይነካ፣ ጎማው ብቻ እየተነከረ ጀልባውን ማውረድ ይቻላል፤ ሁልጊዜ አይሆንም፣ በሆነ ጊዜ ግን ምርጡ መንገድ ይህ ነው። ከጨው ውኃ ከወጣሁ ደግሞ በዚያው ዕለት ሞዞውን፣ ቸርኬውን፣ ባሌስትራውንና ቡሎኖቹን በንጹሕ ውኃ አጥባለሁ። ተጎታቹ ፍሬን ካለው የፍሬኑ ታምቡር ውስጥም ይኸው ንጹሕ ውኃ መግባት አለበት፤ ጨው የበላው ፍሬን ተጣብቆ ስለሚቀር ሳይረግጡት ይይዛል፣ ያን ጊዜ ሞዞው የሚግለው ኩሽኔታው ደኅና ሆኖ ሳለ ነው።

መንገድ ላይ ሳለሁ ከተነሣሁ ከ20 ወይም ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየመቆሚያው ሁለቱን ሞዞዎች እፈትሻለሁ። አሁን በርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ ይዣለሁ፤ ከእርሱ በፊት እጄ ይበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን በጣም ሊግል ስለሚችል እጅን ከማሳረፍ በፊት አቅርቦ ሙቀቱን መገመት ይገባል። ዋናው ቁጥር የአንዱ ሞዞ ሙቀት ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት፣ በአንድ ፍጥነት የመጡ ስለሆነ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። በፀሐይ በኩል ያለው ጥቂት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ 20 ዲግሪ ከበለጠ ግን እኔ ጉዞውን አልቀጥልም።

ስለ ጎማው ራሱ የምለው አጭር ነው። የጀልባ ተጎታች ጎማ ጥርሱ ከማለቁ በፊት በዕድሜ ያረጃል፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋልና። በጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እኔ ስድስት ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር እቀይራለሁ፤ በጎኑ ስንጥቅ ከታየበትም ዕድሜውን አልጠብቅም። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በጉዞ ላይ ሞቆ ግፊቱ ከፍ ሲል ማስተንፈስ አይገባም፣ ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይወርዳልና። ለተጎታች ተብለው በሚሠሩ፣ ኤስ ቲ የሚል ምልክት ባላቸው ጎማዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በጎናቸው የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ነው፤ የተለየ የፍጥነት ምልክት የሌላቸውም ከ105 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም። ጭነቱን ሲያሰሉ ነዳጁን አይርሱ፤ 100 ሊትር ቤንዚን ወደ 74 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ በጀልባው ሆድ የቀረ ውኃም በሊትር አንድ ኪሎ ይጨምራል።

የቸርኬው ዳዶዎች በተቃራኒ ጎን እየተፈራረቁ፣ ማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው። የእኔ ቡሎኖች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች ሲሆን መመሪያው ከ120 እስከ 160 ኒውተን ሜትር ይላል፤ የሌላው ተጎታች ይለያልና የራስን መመሪያ ማየት ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ የጠበቀው ዳዶ ሲጓዝ ስለሚላላ በ16፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ደግሜ አጠብቃለሁ። ይህን ማድረግ የሚያሰለች ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከላላ ዳዶ የተነሣ ቀዳዳው የሰፋ ቸርኬ አይቼ ስለማውቅ አልዘለውም።

ስኮርታ ጎማ ብቻውን አያስተማምንም። በመጀመሪያው አደጋዬ ስኮርታ ነበረኝ፤ የሚታሰርበት ሞዞ ግን አልነበረም። አሁን በሣጥን የምይዘው ኩሽኔታዎቹ ግራሶ ተሞልተው፣ ጎሚኒው ገብቶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ሙሉ ሞዞ ነው። ከእርሱ ጋር ሁለት ስንጥቅ ሽቦ፣ ሮንዴላ፣ ትርፍ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ታኮ፣ የእጅ ባትሪና ለሌሎች አሽከርካሪዎች የሚቀመጥ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይገኛል። ክሪኩና የዳዶ ቁልፉ የመኪናው ሳይሆን የተጎታቹ መሆናቸውን ቤት ሳሉ ሞክሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የመኪና ክሪክ ለተጎታች ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል።

ባለፈው ዓመት ከሐይቅ ስንመለስ በሁለተኛው መቆሚያ ላይ ቀኙ ሞዞ 41 ዲግሪ፣ ግራው 66 ዲግሪ አሳየኝ። ያን ጊዜ ድምፅም ሽታም አልነበረም፤ ጎማውም ቀጥ ብሎ ይዞር ነበር። ከመንገዱ በደንብ ርቀን፣ ሦስት ማዕዘኑን አስቀምጠን፣ ቀኙን ጎማ ታኮ አድርገን አነሣነው። ዛሬ ራሷ መኪና የምትነዳው ልጄ ባትሪውን ይዛ ነበርና ክዳኑ ሲከፈት «አባዬ፣ ነጭ ነው» አለችኝ። ጎሚኒው ከጫፉ ተቀዶ ውኃ አስገብቷል፤ ቀለበቱ ላይ የመጀመሪያው የዝገት ነጥብ ታይቷል። ሞዞውን ቀይረን፣ ዳዶውን በልኩ መልሰን፣ አዲሱን ሽቦ አጥፈን ስንጨርስ 50 ደቂቃ ሆኖን ነበር። ከ16 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመን የቸርኬውን ዳዶዎች ደግመን አጠበቅን፤ ሁለቱ ሞዞዎች ያኔ 38 እና 39 ዲግሪ ነበሩ።